ሕመሜ በዓይን አይታይም፤ ለሜትሮኗ ልንገራት ወይስ እንደደበቅሁ ልቀጥል?

ውድ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ነርስ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የምሠራውም እዚያው ከከተማው ዳር፣ ከቤቴ በሁለት ታክሲ በሚደረስ ሆስፒታል ነው። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጣለኝም ነበር። በሥራ ቦታዬ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴም «ለሰው እንዳትናገሪ፤ እንጀራሽም ትዳርሽም ይቀርብሻል» ትለኛለች።

ከጥቅምት ወዲህ የሰው እጥረት ስላለ የሌሊት ተራዬ በዛ። አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሌሊት አከታትዬ እገባለሁ። ባለፈው ወር ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ቤቴ እንደተኛሁ ጣለኝ፤ ስነቃ ምላሴን ነክሼ አገኘሁት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ዋርድ ውስጥ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ የመድኃኒት ትሪ እንደያዝኩ ቆሜ ፈዘዝኩ። እኔ ምንም አላስታውስም። ጓደኛዬ «ቆመሽ ተኛሽ እንዴ?» ብላ ትሪውን ስትቀበለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። በማግሥቱ «እሷማ ሰነፍ ናት» መባሌን ሰማሁ።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ባለፈው ማክሰኞ ተመላላሽ ክፍል ተመድቤ ነበር። አንዲት እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ አልተነሡም፤ ካርዳቸው ከሥር ገባ። 7 ሰዓት ላይ መጥተው «ልጄ፣ እኔን ረሳችሁኝ?» ብለው ሲጠይቁ አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ጆሮ የለዎትም እንዴ? ስንት ጊዜ እንጥራ!» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ጆሯቸው እንደከበደ ገብቶኛል። ግን እኔም ዝም አልኩ። «አንቺን ምን አገባሽ» ተብሎ ነገሩ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ መሰለኝ።

ለሜትሮኗ፣ ለነርሶች ኃላፊያችን፣ ብናገር ከሥራ ያስወጡኛል፤ ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን በሽተኛ ላይ ጉዳት አደርሳለሁ። ምን ላድርግ? እንደ እሳቸው ላሉ ሰዎችስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮዬ ፈጬ


ውድ እህቴ፣

ሁለት ጥያቄ የጻፍሽልኝ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ ነው ያነበብኩት። የእኚያ እናት ጆሮ መክበድ ከውጭ አይታይም፤ ያንቺም ሕመም አይታይም። የማይታይን ነገር ሰው በመሰለው ይተረጉመዋል። አንቺን «ሰነፍ» አሉሽ፣ እሳቸውን ጥሪ የናቁ አስመሰሏቸው። ሁለታችሁም ትጋት አልጎደላችሁም። አንቺ እንቅልፍሽን የማይነጥቅ የሥራ ተራ ነው ያጣሽው፤ እሳቸው ደግሞ ፊታቸው ድረስ ቀርቦ የሚጠራቸው ሰው።

ዝም በማለትሽ ራስሽን እየወቀስሽ እንደሆነ ገብቶኛል። የራሱን ጉዳይ በሆዱ ይዞ የሚኖር ሰው ለሌላው መናገር ይከብደዋል፤ አፉን ከከፈተ የራሱም አብሮ የሚወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ በራስሽ ላይ አትጨክኚ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። አሁን ግን በዚህ ሳምንት መደረግ ካለበት እንጀምር፤ የሚያድር ነገር አይደለም።

ትሪ ይዘሽ የፈዘዝሽበት ያ ቅጽበት እንቅልፍ አይመስለኝም። ቆሞ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ትሪው ይወድቃል፣ ሲጠሩትም ወዲያው ይባንናል። ዓይን እንደተከፈተ፣ ቆሞ፣ ለትንሽ ጊዜ ከራስ መጥፋትና በኋላ ምንም አለማስታወስ ግን ራሱ የሚጥል በሽታ አንዱ መልክ ሊሆን ይችላል፤ መውደቅና መንቀጥቀጥ የግድ አይደለም። ለይቶ የሚነግርሽ ሐኪምሽ ነው። እስከዚያው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደመጣብሽ ቁጠሪው፤ የክትትል ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ። እስክትታዪ ድረስ ሌሊት ብቻሽን ዋርድ አትያዢ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም ብቻሽን አታዘጋጂ። በሽተኛ ላይ ጉዳት አደርሳለሁ ብለሽ የፈራሽው እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ እንደደበቅሽ መቀጠል የሚለውን መንገድ የሚዘጋውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት በምትገቢባቸው ቀናት የማታዋን ክኒን የምትውጪያት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ብዙ ሰው የማታ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው «ስተኛ» በሚል ምልክት ነው። ሌሊት የሚሠራ ሰው ግን «ስተኛ» የሚለው ሰዓት የለውም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንዷን ውጧል፤ ማታ ሥራ ይገባል፣ ክኒኗ ቤት ትቀራለች፤ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ቤቱ ሲደርስ ይውጣታል። 12 ሰዓት መሆን የነበረበት ልዩነት 26 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚወርደው ደግሞ እንቅልፍ ባጣሽበት በዚያው ሌሊት ነው። እንቅልፍ ማጣትም ሆነ የዘገየ መድኃኒት እያንዳንዱ ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሲገናኙማ የባሰ ነው። ሐኪምሽ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምርብሽ ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ስትሄጂ አንድ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ሁለቱም ነገሮች የደረሱበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፤ ከእያንዳንዳቸው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ የትኛው ክኒን እንዳለፈሽ ወይም እንደዘገየ፣ የወር አበባሽን ቀን፣ ሌላ የጀመርሽው መድኃኒት ካለም እሱን ጨምሪ። ትሪውን የተቀበለችሽን ጓደኛሽንም ጠይቂያት፤ ዓይኔ ተከፍቶ ነበር? አፌ ወይም እጄ ይንቀሳቀስ ነበር? ስትጠሪኝ ስንት ጊዜ ቆየሁ? ምክንያቱን ሳትነግሪያትም ይህን መጠየቅ ትችያለሽ። ካነሣሁት አይቀር፣ ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል። የምትጠቀሚ ከሆነ ወይም ወደፊት ለማርገዝ የምታስቢ ከሆነ በዚያው ቀጠሮ አንሺው።

ክኒኑን ከእንቅልፍሽ ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር እሰሪው። ሥራም ሁኚ ቤት፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ስልክሽ ላይ ሁለት ማንቂያ ይኑር። የሁለት ቀን ክኒን በትንሽ ዕቃ አድርገሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ፤ ታክሲ የጠፋ ዕለት ሰልፍ ላይ እንዳለሽ ሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ዋጪው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ተዪው እንጂ ሁለት አትደርቢ። እናትሽ ጸበል ሂጂ የሚሉሽ ከሆነ ሂጂ፣ ክኒኑንም ይዘሽ ሂጂ፣ በሰዓቱም ዋጪ። መድኃኒትን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ፋታ የማይሰጥ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ቤት ስትሆኚ ገላሽን ስትታጠቢ በሩን ከውስጥ አትቆልፊ፣ ተቀምጠሽ ታጠቢ፤ ከሌሊት ወጥተሽ ስትተኚም ጎረቤትሽ ቡና የምትወቅጥበት ሰዓት ላይ ከሆነ ወደ ሌላኛው ክፍል ዙሪ ወይም እንድትታገሥሽ ንገሪያት። እንቅልፍሽ መድኃኒትሽ ነው።

ይህ ሁሉ ያስጨንቅሽ ይሆናል፤ ተስፋውንም ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። አንቺ ሁለት ዓመት ኖረሽ አሳይተሻል።

አሁን ወደ ሜትሮኗ። «ልናገር ወይስ ዝም ልበል» ስትዪ አንድ በር ብቻ ያለ ይመስልሻል፤ ወይ ወለል ብሎ የተከፈተ ወይ የተከረቸመ። ማን ምን ያህል ይወቅ የሚለውን ግን በልክ በልኩ መክፈት ትችያለሽ። ለአብዛኛው ሰው የሕመምሽን ስም መንገር አያስፈልግሽም፤ የሚያስፈልግሽን መንገር ይበቃል። ለሥራ ባልደረቦችሽ «ሐኪም የሌሊት ሥራ ከልክሎኛል» ካልሽ ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብሽም። ለሰው ሀብት አስተዳደር የሐኪም ወረቀት ይበቃዋል። ሜትሮኗ ግን ብታውቅ የሚሻል ይመስለኛል፤ መርፌ ይዘሽ ሰው አጠገብ የምትቆሚ ነሽና፣ ተራሽን የምትደለድለውም እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሁለት የምታምኛቸው ሰዎች ይወቁ፤ አንዲት ቀን፣ አንዲት ሌሊት አብረውሽ የሚሆኑ።

ከመናገርሽ በፊት ወረቀቱን አዘጋጂ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የሐኪሙ ወረቀት «መሥራት ትችላለች» ከሚለው መጀመር አለበት። «ለከባድ ሥራ አትሆንም» ብሎ ከጀመረ ጉዳዩ ወደ ሕክምና ቦርድ ሊያመራ ይችላል፤ ያኔ ጥያቄው «ምን ይደረግላት?» መሆኑ ይቀርና «ትችላለች ወይ?» ይሆናል። ስለዚህ ሐኪምሽን በትሕትና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፤ «ታካሚዋ የነርስነት ሥራዋን መሥራት ትችላለች። ለጤናዋ ሲባል ለስድስት ወር የሌሊት ተራ እንዳይመደብላት፣ መድኃኒቷንም ማታ 1 ሰዓት ላይ የምትወስድበት ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጣት እንመክራለን።» ስድስት ወር የሚለውን ልብ በዪ። «ከእንግዲህ ሌሊት አልገባም» ያልሽው አለቃ ይደነግጣል፤ የጊዜ ገደብ ያለውና በኋላ የሚታይ ጥያቄ ሲሆን ግን እሺ ማለት ይቀላል። ሌሊት ፈጽሞ ማስቀረት ካልተቻለ ዝቅተኛው ልክሽ ይህ ይሁን፤ ሁለት ሌሊት አከታትሎ አለመግባት፣ ብቻ አለመሆን፣ የደም ሥር መድኃኒት በሁለት ሰው እየታየ መስጠት። የመጨረሻው ለሁሉም ነርስ ቢሆን የሚጠላ አይደለም።

ደግሞ የሚጎዳሽን ነገር አልደብቅሽም። ሌሊት ካልገባሽ የዲውቲ ክፍያ ይቀርብሻል። ከቤት ኪራይሽ ምን ያህሉ በዚያ ገንዘብ ላይ ቆሟል? ከመናገርሽ በፊት በወረቀት አስልተሽ እዪው፤ በኋላ በድንገት ከሚደርስብሽ አሁን ብታውቂው ይሻላል። ሌላው የጓደኞችሽ ቅሬታ ነው። አንቺ የተውሽውን ሌሊት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ቢያጉረመርሙ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ስለዚህ ስትጠይቂ የምትሰጪውንም ይዘሽ ቅረቢ፤ የእሑድና የበዓል ቀን ተራ፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሁሉም የሚሸሸውን። ያን ጊዜ ነገሩ ልመና ሳይሆን ልዋጭ ይሆናል።

ሜትሮኗን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በርክክብ ግርግር አታናግሪያት። ከሰዓት በኋላ፣ ዙረቱ ሲያበቃ፣ «ሲስተር፣ 10 ደቂቃ ለብቻችን ይኖርሽ ይሆን?» በያት። ከዚያ በራስሽ አንደበት እንዲህ ማለት ትችያለሽ፤ «ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር አለኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ በመድኃኒት ሁለት ዓመት ደህና ነበርኩ። ሌሊት ሲበዛብኝ ተመለሰብኝ። ያን ሌሊት ትሪ ይዤ የቆምኩት እንቅልፍ ወስዶኝ አይመስለኝም። በሽተኛ ላይ ስሕተት ከመሥራቴ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው። የሐኪም ወረቀት አለኝ፤ በምትኩ እሑዶችን እይዛለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ፤ መልሷን ጠብቂ። ይህን የሰማች አለቃ መጀመሪያ የምታየው ሕመምሽን ሳይሆን ለበሽተኛ መጠንቀቅሽን ነው፤ ወይም ቢያንስ እንድታይ ዕድል ሰጥተሻታል። እናትሽ ምክሩን የሰጡሽ ከፍቅር ነው፤ ባደጉበት ዘመን ትክክልም ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያ ዋርድ ውስጥ አልነበሩም።

መልሷ ጥሩ ባይሆንስ? ለዚህም ተዘጋጂ። ማመልከቻሽን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ ቅጂው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቀንና ቁጥር ይመታበት፣ እሱን ቤትሽ አስቀምጪ። የቃል ንግግር ከሆነም የዚያኑ ዕለት ማታ ቀኑንና የተባለውን በማስታወሻ ያዢው። ሕግም ከጎንሽ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ጉዳት የሚለው አካላዊውን ብቻ ሳይሆን የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትንም ነው፤ አሠሪ የሥራ ሁኔታውን ለሠራተኛው እንዲመች የማድረግ ግዴታ አለበት። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ለሚከስ ሠራተኛም የማስረጃውን ሸክም ከእሱ ያነሣለታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃላችን ራሱ ክራንችና ዊልቸር ብቻ ያሳስበናል፤ ብዙ ሰው እንዳንቺ ያለውን ከሕጉ ውጭ አድርጎ የሚቆጥረውም ለዚህ ይመስለኛል። ቢሆንም በሕጉ አትጀምሪ። መጀመሪያ ሰው ሆነሽ ሰውን አናግሪ፤ ሕጉን ለሚያስፈልግበት ቀን አቆዪው። እንዳንቺ ካሉ ሰዎችና ቤተሰቦች ጋር መገናኘት ብትፈልጊ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ኬር ኢፕለፕሲ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ፤ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ማየት በራሱ ይረዳል።

ለሁለቱ ወዳጆችሽ የምትነግሪያቸው አጭር ይሁን። ነርሶችም ቢሆኑ የሚያውቁት ሰው ሲወድቅ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልጅ ሆነው ሰፈር ያዩትን ያደርጋሉ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፣ ያቃጥላል። ጥርስ መካከል ማንኪያ ወይም ጣት መክተት ጥርስ ይሰብራል፣ ጣትም ይነክሳል። ይዞ መጫን ትከሻ ያወልቃል። መጀመሪያ ሰዓት ይዩ። ስለት ያለውንና ጠንካራውን ነገር ያርቁ፤ ራስሽ ሥር ጋቢ ወይም የታጠፈ ጋዋን ያድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎንሽ ያስተኙሽ፤ እስክትነቂ አጠገብሽ ይሁኑ፣ እስክትነቂም ውኃ አይስጡሽ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቂ ሁለተኛ ከመጣ ተረኛ ሐኪም ይጠራ፤ መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ዳያዜፓም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ እስትንፋስ እየታየ ይሰጣል። እንደዚያ ሌሊት ቆመሽ ከፈዘዝሽ ደግሞ አይነቅንቁሽ፣ አይጩኹብሽ። ትሪውን ከእጅሽ በቀስታ ይቀበሉ፣ ወደ ወንበር ይምሩሽ፣ ሲመለስልሽ የት እንዳለሽ ይንገሩሽ። ያዘጋጀሽው መድኃኒት ደግሞ ይጣል፣ እንደ አዲስ ይቀዳ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ የጆሮ መክበድ ድምፅን በሙሉ አያጠፋም። ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ነው፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ተ» የመሳሰሉትን። ስለዚህ ከበሩ ላይ ስማቸው ሲጠራ ሰው መጮኹን ይሰማሉ፤ ማንን እንደጠራ ግን አይለዩም። አጠገባቸው ያለው ሰው ሲነሣ «የእሱ ነበር» ብለው ይቀመጣሉ። ድምፅ ከፍ ማድረግም ወፍራሙን ነው የሚያጎላው፤ ቃሉን አያጠራውም፣ ቁጣ ግን ያስመስለዋል። ማስኩ ከንፈር ይሸፍናል፤ ከካርድ ክፍሉ መስታወት ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ይታፈናል፤ ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። ጤነኛ ጆሮም እኮ እዚያ ይቸገራል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ካርድ ሲወጣ አንድ ጥያቄ ለሁሉም ይጠየቅ፤ «ስንጠራዎት ለመስማት፣ ለማየት፣ ብዙ ለመጠበቅ ወይም የምንነግርዎትን ለመያዝ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ለሁሉም መጠየቁ ነው ቁም ነገሩ፤ መርጠው ሲጠይቁት ስድብ ይመስላል። አለ ካሉ፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ከካርዱ ውስጠኛ ገጽ አናት ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ «ሲጠሩ አይሰሙም፤ ቀርባችሁ በእጅ ጥሩ»፣ «መጸዳጃ ደጋግሞ ይሄዳል፤ ወረፋው አይለፈው»፣ «ግርግር አይችልም፤ ውጭ ይጠብቃል፣ በአስታማሚው ስልክ ጥሩ»። ሽፋኑ ላይ አይጻፍ፣ የሕመም ስምም አይጻፍ። የሕመም ስም ወሬ ይሆናል፤ «ቀርባችሁ በእጅ ጥሩ» የሚለው ግን ለሚያነበው ሰው ሥራ ይሰጠዋል። በውጭ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን አቅራቢያ ካለው ከጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የተጀመረ፣ የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ አለ፤ የማይታይ ጉዳት አለብኝ፣ ትንሽ ታገሡኝ ለማለት የሚደረግ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ ጋ ግን በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስለማያውቀው ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ምልክት ማድረጉም ሰው የሚፈራው ነገር ነው። ለጊዜው አንድ መስመር ጽሑፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከወረፋው የባሰ ደግሞ እሺታው ነው። ያልሰማ ሰው፣ በተለይ የእኛ አገር እናቶች፣ ሐኪም ለማስቀየም ስለማይፈልጉ ለሁሉም ነገር «እሺ ልጄ» ይላሉ። «ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» ብትያቸው ሳይሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሌላ ሰው መድኃኒት ለሌላ ሰው የሚሄደው እንዲህ ነው። ስለዚህ ስም አትንገሪያቸው፤ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ብለሽ ከእሳቸው አውጪ። መድኃኒት ሲሰጥም «ገባዎት?» አይባልም። «ቤት ሲሄዱ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ያሳዩኝ» ይባላል። ፖስታው ላይ «1×2» ከመጻፍ ፀሐይና ጨረቃ ሥለሽ በእያንዳንዱ ሥር አንድ ነጥብ ብታደርጊ ላላነበበም፣ ለሚረሳም፣ ላልሰማም ይሠራል።

ጥበቃዎቹን አትርሺ። ሆስፒታሉ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ለምርመራ ጾሞ መጥቶ፣ ኢንሱሊኑን ወግቶ፣ እስከ 5 ሰዓት ወረፋ ሲጠብቅ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይቆጣል። በሩ ላይ ላለው ጥበቃ ይህ ሰው ሰካራም ነው። መጠጥ መስሎት ከማስወጣቱ በፊት ነርስ እንዲጠራ ይነገረው። ስኳሩ ተለክቶ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይሰጠዋል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ መዋጥ ካልቻለ በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ግሉኮስ በደም ሥር ነው። ሌላው የጥበቃዎች ጉዳይ አስታማሚ ማስወጣት ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ ለሚረሱ አዛውንት፣ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው አስታማሚው እንደ ክራንች ነው፤ «የጥየቃ ሰዓት አልቋል» ተብሎ ክራንች አይነጠቅም።

ይህን ሁሉ አንቺ ብቻሽን አትሸከሚው። ከአንድ ክፍል ጀምሪ። ለሁለት ሳምንት ተጠርተው ያልተነሡ ሰዎችን ካርድ በቀን በቀኑ ቁጠሪ፣ በኋላ ስንቶቹ ግቢው ውስጥ እንደተገኙ መዝግቢ። ቁጥሩን ይዘሽ የጠዋት ስብሰባ ላይ ስታቀርቢው ስለማንም ባሕርይ ሳይሆን ስለሥራው እየተናገርሽ ነው። ያቺ ልጅም በሰው ፊት አትገሠጽ። እሷም ያን ቀን ስንት መቶ ሰው እንደጠራች እግዚአብሔር ያውቃል። ሻይ ስትጠጡ «እኚያ እናት የሚሰሙ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው አብረን ቀርበን እንጥራቸው?» በያት።

የእኚያ እናት ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ይኖራል፤ ቀኑን ፈልጊው። በዚያ ጠዋት ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ አስቀምጫቸው። አንድ ሜትር ያህል ቀርበሽ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ሆኖ፣ ሳትጮኺ ቀስ ብለሽ «እናቴ፣ ባለፈው ሲጠሩዎት አልሰሙም ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ዛሬ ተራዎ ሲደርስ እኔ ራሴ መጥቼ አስገባዎታለሁ» በያቸው። ከዚያ ካርዳቸውን ክፈቺና ያችን አንድ መስመር ልጻፍ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።